የቁጥር አሥራ አንድ ቆርኪ

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አምስት ሰዎችና አንድ ሕፃን ናቸው። መምህርቷ ጠረጴዛቸው ላይ ደፋ ብለው ወረቀት ያርማሉ። ከሦስት ትምህርት ቤት የተባረረው ቦክሰኛው ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎት ወደ ጎን ዞሮ ተቀምጧል። አራሷ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ካርታ ትስላለች፤ ልጁ ሁለት ጥርስ ቢያወጣም እሷን አራሷ ማለት የተወ ሰው የለም። የታክሲ ረዳቱ ደብተሩን ተንተርሶ እንቅልፉን ይለጥጣል። አምስተኛዋ ከቅጥነቷ የተነሣ ጭራሮ የሚሏት ልጅ ነበረች።

የብረቱ ደረጃ ተንኳኳ። ጭራሮ እርሳሷን አቆመች። የተማሪዎቹን ኮቴ አንድ በአንድ ለይታ ታውቃለች። ይኼኛው የተማሪ ኮቴ አልነበረም። የደከመ፣ ግን የሚቸኩል የትልቅ ሰው ኮቴ ነበር።

በሩ ላይ ብቅ ያለችው የክፍል ጓደኛዋ የሳቂታ አክስት ናት። ቢሮ የምታጸዳበትን ሰማያዊ ሽርጥ እንደለበሰች ነው የመጣችው። ከኪሷ የላስቲክ ጓንት ጣቶቹን አውጥቶ ይታያል።

«እንደምን አደሩ ቲቸር? ከሥራ ተደብቄ ነው የወጣሁት፣ አልቀመጥም። ልጄ መጥታ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ልጄ የምትለው የእህቷን ልጅ ነው። ሳቂታን ከአምስት ዓመቷ ጀምራ ያሳደገቻት እሷ ናት።

«ምነው፣ ምን ሆነች?» አሉ መምህርቷ።

«ትናንት ማታ ቤት አላደረችም። ‹ከጓደኛዬ ጋር ለፈተና አጠናለሁ› ብላ ብጣሽ ወረቀት ትታልኛለች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ስልኳንም ስደውል አይነሳም። ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያነጋሁት።»

መምህርቷ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው በበሩ አጠገብ የተሰቀለውን ሰሌዳ ተመለከቱ። ጭራሮ አንገቷን ደብተሯ ላይ ቀበረች።

ሰሌዳው ላይ አሥራ ስድስት ምስማሮች አሉ። ከአንዱ በቀር በየምስማሩ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የለስላሳ ቆርኪ አለ። የቆርኪው አንድ ወገን የዛገ ነው፤ ሌላው ወገን ሰማያዊ ተቀብቶ በነጭ ቁጥር ተጽፎበታል። ተማሪ ሲመጣ ቆርኪውን ይገለብጣል፤ ቁጥሩ ይታያል። ማታ መምህርቷ ቁጥሮቹን መዝገባቸው ላይ ያሰፍሩና ሁሉንም ወደ ዝገቱ ይመልሷቸዋል። እዚህ ስም መጥራት አይቻልም፤ ሁሉም የሚመጣው በየሰዓቱ ነውና። ሥራ ያለበት ጎህ ሲቀድ ይመጣል፣ ከሳጥኑ የዕለቱን ወረቀት ይወስዳል፣ የትናንቱን ሠርቶ ያስገባል፣ ይሄዳል። «ለምን አልተቀመጥክም?» ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቆርኪው ሦስት ቀን በተከታታይ ዝገቱን ካሳየ፣ መምህርቷ ከረጢታቸውን አንጠልጥለው ራሳቸው ቤት ድረስ ይሄዳሉ።

የሳቂታ ቁጥር፣ አሥራ አንድ፣ ተገልብጧል። ሰማያዊውን እያሳየ ነው።

«መጥታለች» አሉ መምህርቷ። «ጎህ ሲቀድ መጥታ ወረቀቷን ወስዳለች። ቤተ መጻሕፍቱ ሄዳ እየሠራች ይሆናል። ደግሞ ልንገርሽ፣ ሰሞኑን ፊቷን ባላየውም ክፍልፋይ ላይ ጎብዛለች። ተይው፣ አታስቢ።»

አክስቷ ትንፋሿን ለቀቀች። ትከሻዋ ሲወርድ ይታይ ነበር።

«ተመስገን! እኔ ደግሞ ስንቱን አሰብኩት። በሉ፣ አለቃዬ ሳይፈልገኝ ልሂድ።» ከመውጣቷ በፊት ወደ ጭራሮ ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽልኝ? ከሳቂታ ጋር የምታጠናው አንቺ ነሻ?»

ጭራሮ ራሷን ነቀነቀች። የነቀነቀችው «አዎ» ብላ ይሁን «አይደለም» ብላ ለራሷም አልገባትም። አክስቷ ግን «አዎ» ብላ ወሰደችው፤ ፈገግ አለችላትና ወረደች። የብረቱ ደረጃ እስከ መጨረሻው ተንኳኳ።

ያን ቆርኪ በዚያ ጠዋት የገለበጠችው ጭራሮ ነበረች። ሰባተኛ ቀኗ ነው።

ክፍልፋዩንም የሠራችው እሷ ናት። የሳቂታ ፊደል ወደ ግራ ይጋደማል፤ እሱን ለማስመሰል ደብተሩን አጣማ መጻፍ ተለማምዳለች።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ አሥር ቀን፣ ቅዳሜ ዕለት ነው። ሳቂታ እጇን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን አደራ፤ ለማንም እንዳትተነፍሺ። አንዲት ሴትዮ አለች። ሩቅ አገር ማደሪያ ያለው ትምህርት ቤት ልታስገባን ነው። አልጋ፣ ምግብ፣ ዩኒፎርም፣ ሁሉም በነፃ! እንደ እኛ ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆችን ነው የምትፈልገው። ለአንድ ሳምንት ቤቷ እየሄድን እንዘጋጃለን። ከዚያ ታልፊያለሽ ወይ ትወድቂያለሽ።»

«ለቲቸር ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ቲቸር ‹እኔን ትታችሁ› ብለው ይቀየማሉ። አንዴ ካለፍኩ በኋላ ራሴ ነግሬ አስደስታቸዋለሁ። አንቺ ቆርኪዬን ብቻ ገልብጪልኝ። አንድ ሳምንት ናት። አይከብድሽም አይደል?»

ጭራሮ ለሳቂታ «ይከብደኛል» ልትላት አትችልም።

የጭራሮ ሕመም የሚጥል በሽታ ነው። በመደበኛው ትምህርት ቤት በአንድ መንፈቅ ሦስት ጊዜ ወደቀች። በሦስተኛው ጊዜ ዳይሬክተሩ አባቷን አስጠርቶ «ለእሷም ለሌሎቹም ደህንነት ሲባል ሲሻላት ይዘዋት ይምጡ» አለው። ሲሻላት ማለት መቼ እንደሆነ አልነገረውም፤ አባቷም አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆነ። እዚህ የመጣች ቀን ሁሉም ከአጠገቧ ራቅ ብሎ ሲቀመጥ፣ ሳቂታ ብቻ ወንበሯን እየጎተተች መጣች። «እኔ ከሚወድቅ ሰው ይልቅ የሚጮህ ሰው ነው የምፈራው» አለቻት። መምህርቷ አንድ ጊዜ ማሳየታቸው ለሳቂታ በቂ ነበር። በጎኗ ማስተኛት፣ ከጭንቅላቷ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አፏ ውስጥ ምንም ነገር አለማስገባት፣ ሰዓት መቁጠር። ስትነቃም ሁሌ የምታየው የሳቂታን ጥርስ ነበር። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ጉዞ እንዴት ነበር?»

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጭራሮ ሕመሟ ከመምጣቱ ጥቂት ደቂቃ በፊት የተቃጠለ ጎማ ይሸታታል። ክፍሉ ያለው ደግሞ ከጎሚስታ ቤት በላይ ነው! ጎሚስታው ከታች ጎማ ሲለጥፍ ሽታው በወለሉ ስንጥቅ ይወጣል፣ ጭራሮም በቀን አሥር ጊዜ ትደነግጣለች። ያኔ ሳቂታ በመስኮት ጎንበስ ብላ ታያለች። «የእሱ ነው፣ አትሥጊ፤ እየለጠፈ ነው» ትላታለች። ጭራሮ ትረጋጋለች። ላለፉት ሰባት ቀናት ግን የሚነግራት ሰው አልነበረም። ሽታ በመጣ ቁጥር ዴስኩን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛ ትጠብቃለች።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ትላለች እናቷ። የጭራሮ ግን እያደር ይከብድ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰኞ አንድ ጣት በቃው። ዓርብ ከመንካቷ በፊት ሁለት ጊዜ ወደ ደረጃው ዞራ አየች። ትናንት ዓይኗን ጨፍና ገለበጠችው።

ምክንያቱም እሑድ ሳቂታን አግኝታት ነበር። የድሮ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቆመው ነበር ያወሩት። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሰማያዊ የብረት በር አለ፤ ሳቂታ ወደዚያ በአገጯ ጠቆመቻት። «እዚያ ነው ቤቷ። ስምንት ሴቶች ነን።»

«ምን ያስተምሯችኋል?»

«እንግዲህ... መተኮስ። መወልወል። ምጣኔ ሀብት እንዳይመስልሽ!» ሳቂታ ሳቀች። «በሜትር ለካችን፣ ለዩኒፎርም ነው። እጃችንንም አየች፣ እንዲህ ገልብጣ መዳፍ መዳፋችንን። ደግሞ ሰው ከጠየቃችሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው በሉ አለችን። እስኪ እኔን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚለኝ ምን ዓይነት ዕውር ነው?»

«ለምን አሥራ ዘጠኝ?»

«ምን አውቅልሻለሁ። የደንብ ጉዳይ ነው አለች። የልደት ወረቀቴንም ለአደራ ወስዳዋለች።» ሳቂታ እንደገና ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። የሳቂታ ሳቅ እንዲህ ቶሎ ሲያልቅ ጭራሮ ሰምታ አታውቅም። «ስለ አንቺም ጠይቄልሽ ነበር። ‹የምትወድቅ አልፈልግም› አለች። አትቀየሚ እሺ?»

ያን ማታ ጭራሮ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሆኖም ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሄዳ ገለበጠች። ማክሰኞም ገለበጠች።

«እስኪ ረዳቱ» አሉ መምህርቷ ድንገት። «የሦስት አራተኛ ግማሽ ስንት ነው?»

ረዳቱ ከእንቅልፉ ብንን አለ። «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ።

ሁሉም ሳቁ፤ ሕፃኑ እንኳ ነቅቶ ሳቀ። ቦክሰኛው ዴስኩን በጡጫ ደበደበ። ጭራሮ ብቻ አልሳቀችም። ቦክሰኛው ደግሞ አለመሳቋን አየ።

በዕረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኛትና አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ብረቱ ሲጥ አለ።

«ዛሬ ጠዋት ሁለት ቆርኪ ገለበጥሽ» አላት።

ጭራሮ ወደ እሱ ዞረች። «ማን ነገረህ?»

«ዓይኔ። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። በሩ ክፍት ነው።»

«ልትናገር ነው?»

«አቦ ተይኝ! እኔ ሰው አልጠቁምም። ከሦስት ትምህርት ቤት ያስባረረኝ አለመጠቆሜ ነው።» መዳፎቹን አፋተገ። «ግን አራተኛው ምስማር ለምን ባዶ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ጭራሮ አታውቅም። ከሦስትና ከአምስት መካከል ያለው ምስማር ቆርኪ ኖሮት አያውቅም። ስትመጣም ባዶ ነበር።

«እኔ ስጀምር ነው» አለ ቦክሰኛው። «አራት ቁጥር የሚባል ልጅ ነበር፤ ብቻውን ቤት ተከራይቶ የሚኖር። ሥራ ስላለበት ጓደኛው እየገለበጠለት ነበር። አንድ ሰሞን ጓደኝየው መገልበጡን ለመደው፤ ሳያየውም ገለበጠ። ልጁ ለካ ታሞ ተኝቷል። ቲቸር ምን ያውቃሉ? ሰሌዳው ‹መጥቷል› ይላቸዋል። በስምንተኛው ቀን ነው በሩ የተሰበረው።»

«አገኙት?»

«አገኙት፤ ግን ዘግይተው።»

ከታች የጎሚስታው የነፋስ መሙያ ሞተር ይንተፈተፋል።

«ለዚህ ነው ደንቡ» አለ ቦክሰኛው። «የሰው ቆርኪ የገለበጠ የራሱን ያወርዳል። ያንን ልጅም አባረሩት። ሲያባርሩት እኮ እያለቀሱ ነበር ቲቸር፤ ግን አባረሩት።» ተነሣ። «እኔ ምንም አላየሁም። ይመችሽ።»

ጭራሮ ብቻዋን ቀረች። ደንቡን ታውቀዋለች። መምህርቷ ጠረጴዛ ላይ፣ ከወረቀቶቹ ሁሉ በላይ፣ የእሷ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ማመልከቻ ተቀምጧል። ፎቶግራፏ ተለጥፎበታል፤ የቀረው የመምህርቷ ፊርማ ነው። ሐሙስ ይፈርማሉ። ወረቀቱ ተፈርሞ ፈተናውን ካለፈች መደበኛው ትምህርት ቤት ወደደም ጠላም ዘጠነኛ ክፍል ይቀበላታል። ካላለፈች ግን ከዚህ ክፍል ሌላ የሚቀበላት ቤት የለም። አባቷ ሦስት ቦታ ጠይቆ ሦስቱም ቦታ አንገቱን ደፍቶ ተመልሷል።

ምናልባት ነገ ሳቂታ ራሷ ትመጣለች። ምናልባት ትምህርት ቤቱም እውነት ነው። ምናልባት።

ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ወረደች። ጎሚስታው ፊቱ እስከ ጆሮው በጥቀርሻ ጠቁሮ አንድ ትልቅ ጎማ ውኃ ውስጥ እያሽከረከረ ቀዳዳ ይፈልጋል።

«ጭራሮዬ! ነይ ትንሽ ነፋስ ልሙላሽ፣ ይቺ ክሳትሽ እኔን ነው የምታሰድበኝ» አላት። ሁልጊዜ የሚለው ነው።

«ጋሼ፣ ስልክህን ታውሰኛለህ? አንድ ደቂቃ ብቻ።»

ፊቷን አየና ቀልዱን ተወው። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ስልኩን ሰጣት።

የሳቂታን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። ደወለች። ለአክስቷ አልነሣ ያለው ስልክ ለማያውቀው ቁጥር በሁለተኛው ጥሪ ተነሣ።

«አቤት?»

የሴት ድምፅ ነው። ለስላሳ፤ የሕፃን ፀጉር በቀስታ የምታበጥር እናት ዓይነት ድምፅ።

«እ... ሳቂታን ፈልጌ ነበር።»

«ማን ልበል፣ የኔ እናት?»

«ጓደኛዋ ነኝ።»

«ውይ፣ እሷ እኮ በዚህ ሰዓት ትምህርት ቤት ናት።»

«ትምህርት ቤት የለችም» አለች ጭራሮ። ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

ከሴትዮዋ ኋላ የወንድ ድምፅ መጣ። «ስምንት ሰዓት ላይ እንነሣለን። ሻንጣቸውን አሁን ያውርዱ በያቸው» የሚል። ወዲያው እጅ ስልኩን ሲሸፍነው ተሰማ። ተመልሶ ሲከፈት የሴትዮዋ ድምፅ የበለጠ ለስልሶ ነበር።

«አንቺ ጭራሮ ነሽ አይደል? የምትወድቂዋ?»

ጭራሮ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ስላንቺ ብዙ ነግራኛለች። ዛሬም ገልብጠሻል፣ ቆርኪውን?»

ጎሚስታው ጎማውን ውኃው ውስጥ ዳግም አሽከረከረው። ትንንሽ አረፋዎች ብቅ አሉ።

«ገልብጫለሁ» አለች ጭራሮ በቀጭኑ።

«ጎበዝ ልጅ። ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው። እኔ ነኝ እኮ ‹እሷን ጠይቂያት፣ እምቢ አትልሽም› ያልኳት። ነገም እንዳትረሺ እሺ፣ ከነገ ወዲያም። እስከ ዓርብ ብቻ። ከዚያ ወዲያ አንቺንም አንረሳሽም።»

«ላናግራት?»

«ተኝታለች፣ የኔ ማር።»

ስልኩ ተዘጋ።

ሳቂታ ቀን ተኝታ አታውቅም። ትኩሳት ይዟት እንኳ ቁጭ ብላ ነው የምትቃዠው። ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ትምህርት ቤትም ሄዶ፣ ተኝቶም አይሆንም።

«እንዴት ነው፣ ሰላም ነው?» አለ ጎሚስታው።

ጭራሮ አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት የሞተሩ ድምፅ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ቀጥ አለ። ከላይ አምፖሉ ጠፋ።

«እሰይ! ደግሞ ጠፋ» አለ ጎሚስታው ወደ አምፖሉ እያየ። «በቃ ዛሬ ሥራ የለም ማለት ነው። መለጠፊያውም አይግል።» ጎማውን ከውኃው አውጥቶ ግድግዳ ላይ አስደገፈው።

ጭራሮ ስልኩን መለሰችለት። ያኔ የተቃጠለ ጎማ ሸተታት።

መለጠፊያውን አየችው። ክዳኑ ተከፍቷል፤ ባዶ ነው። እጇን ጠጋ አደረገች፤ ቀዝቅዟል። ጎሚስታው ከጠዋት ጀምሮ አንድም ጎማ አልለጠፈም ነበር። ሽታው ግን አለ፤ እየጠነከረም ነው። «የእሱ ነው፣ አትሥጊ» የሚላት ሰው የለም፤ ቢኖርም ዛሬ እንዲያ አይላትም ነበር።

ሁለት ደቂቃ። አንዳንዴ ሦስት። ከወደቀች በኋላ እስክትነቃ፣ ነቅታም አንደበቷ እስኪፈታ አንድ ሰዓት ያልፋል። ያኔ ስምንት ሰዓት ያልፋል።

ደረጃውን መውጣት ጀመረች። የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጇ እየሳበች። ብዙ የምትናገረው ነገር አለ፤ ከየት እንደምትጀምር ግን ደረጃው መሐል ላይ ወሰነች። መጀመሪያ ቦታው። ቀጥሎ ሰዓቱ። ቀጥሎ ሴትዮዋ። የራሷ ጥፋት መጨረሻ ላይ፤ እሱ ላይ ሳትደርስ ብትወድቅ ምንም አይደለም። ግን አይሆንም። እሱን ካልነገረቻቸው ሰሌዳውን ያምናሉ።

ስለዚህ በሩ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ እጇን ወደ ሰሌዳው ዘረጋች። አሥራ አንድ ቁጥርን ገለበጠችው። ዝገቱ ወጣ። ከዚያ የራሷን፣ ዘጠኝ ቁጥርን፣ ከነሽቦው ከምስማሩ ነቀለችና ወደ መምህርቷ ጠረጴዛ ሄዳ ማመልከቻዋ ላይ አስቀመጠችው። ልክ ፎቶግራፏ ላይ አረፈ።

መምህርቷ ቀና አሉ።

«ከድሮው ወፍጮ ቤት ጀርባ» አለች ጭራሮ። «ሰማያዊ የብረት በር። ስምንት ሰዓት ላይ ሊወስዷቸው ነው። ስምንት ሴቶች ናቸው። ሳቂታ እዚያ ናት። ሴትዮዋ የልደት ወረቀታቸውን ይዛለች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው በሉ ብላቸዋለች። ሳቂታ ሰባት ቀን አልመጣችም። እኔ ነኝ የገለበጥኩት። ወረቀቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። አክስቷን... ቲቸር፣ አክስቷን እኔ ነኝ የዋሸኋት።»

ረዳቱ እንኳ ነቅቷል።

መምህርቷ ቆርኪውን አላዩትም። ጭራሮን ነው ያዩት። ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ አልነበረም፤ ጭራሮ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። ባዶው አራተኛ ምስማር ፊታቸው ላይ የተተከለ ይመስል ነበር።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

«ሰባት ከአሥር» አለ ቦክሰኛው። ተነሥቶ ቆሟል።

«ቲቸር» አለች ጭራሮ፤ ድምፅዋ ከሩቅ ይመጣ ጀመር። «ይሸተኛል። ሞተሩ ግን ጠፍቷል።»

መምህርቷ ገባቸው። ወንበራቸውን ገፍተው መጡና ከመውደቋ በፊት ብብቷን ያዟት። ጭራሮ በመጨረሻ ያየችው አራሷ የልጇን ብርድ ልብስ በጥድፊያ እያጣጠፈች መሬቱ ላይ ስታነጥፍላት ነው።

ስትነቃ በጎኗ ተኝታ ነበር። አምፖሉ እንደጠፋ ነው። ከአጠገቧ አራሷ ተንበርክካ የእጅ ሰዓት እያየች ትቆጥራለች፤ ሕፃኑ የጭራሮን ጣት ይዞ ይጎትታል። ረዳቱ መስኮቱ ጋ ቆሞ በስልክ ያወራል። «አዎ ጌታዬ፣ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ነው የምልዎት፤ እባክዎ ቶሎ መኪና ይላኩ» ይላል። በሕይወቱ እንዲህ ነቅቶ አያውቅም። የመምህርቷ ወንበር ባዶ ነው። ከረጢታቸው የለም። ጠረጴዛው ላይ ማመልከቻውም ቆርኪውም እንደተቀመጡ ናቸው፤ ማንም አልነካቸውም።

«ሌሎቹስ?» ለማለት ፈለገች። አንደበቷ ግን ገና አልተፈታም።

አራሷ ከዓይኗ አነበበችው። «ሄደዋል» አለች። «ቲቸር፣ ቦክሰኛውና ጎሚስታው። በጎሚስታው ሞተር ሳይክል ለሦስት።»

ለስምንት ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መምህርቷ ሰማያዊውን በር አንኳኩ፤ ከውስጥ ሻንጣ ሲጎተት ይሰማ ነበር።